ከናይሮቢ የመጣው መሸኛ

ውዴ ዘነቡ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቀኑንም ብጨምርበት «ሰዓቱንስ ለማን ተውከው?» ብለሽ እንደምትስቂብኝ ስለማውቅ እዚህ ላይ ላቁመው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካሌ ሥራ ላይ ነው። የጓሮው አጥር ታድሷል። ጤና አዳምሽ ለምልሟል፤ ጎረቤታችን ጦይባ ስትቀጥፍ አሁንም ወዳረፍሽበት ወደ ሚካኤል ዞር ብላ «ዘነቡ፣ ፍቀጂልኝ» ሳትል እጇን አትዘረጋም። ልጇ ሀዋ ከዓረብ አገር ተመልሳ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፍታለች። ስኳር ስትመዝን እንደ አባቷ እጇ ይከብዳል ብለው ያሟታል፤ እኔ ግን በራሴ ሚዛን አረጋግጫለሁ፤ ሐሜት ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ለወሬ ብቻ አይደለም። ሪፖርት አለብኝ።

ያኔ፣ ድምፅሽ ከደከመ በኋላ፣ እጄን ይዘሽ ሁለት ቃል ብቻ ነበር ያልሽኝ፤ «አይተህ ተመለስ።» የት ሄጄ ማንን እንደማይ አልነገርሽኝም፤ መንገርም አላስፈለገሽም። ልጃችን የሺ ናይሮቢ ከገባች አራት ዓመት ሞልቷት ነበር። እዚያው ካማው የሚባል የኬንያ ሰው አግብታለች። በየእሑዱ ትደውላለች፤ በደወለች ቁጥርም «ደህና ነኝ» ትላለች። አንቺ ግን አላመንሻትም። «የጦይባም ልጅ ደህና ነኝ ነበር የምትለው» ትይኝ ነበር። እውነትሽን ነው። ሀዋ ዓረብ አገር ሳለች አሠሪዋ ፓስፖርቷን ወስዳባት፣ በሩ ከውጭ እየተቆለፈባት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእናቷ «አብሽሪ፣ ደህና ነኝ» ስትል ኖራለች። የሺ ፎቶ ስትልክም አትረቺም ነበር። «ፎቶ በአሠሪም ሳሎን ይነሣል» ብለሽ ታስቀምጪዋለሽ። ስለዚህ አንድ ሰው ሄዶ በዓይኑ ማየት ነበረበት። አይቶም እዚያ መቅረት አልነበረበትም። ሽማግሌ አንዴ ልጁ ቤት ከገባ መውጫው እንደሚጠፋው ታውቂያለሽ። እዚህ ብቻሽን ትቼሽ መቅረቴን አልወደድሽውም።

እንደምታውቂኝ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊና ሥነ ዜጋ ሳስተምር የአገራችንን ድንበር በቀይ ጠመኔ እያሰመርኩ ኖሬ፣ አንዱንም ድንበር በእግሬ ረግጬ አላውቅም ነበር። የሺ በስልክ «አባዬ፣ የኛ ሰው ኬንያ ለመግባት ፓስፖርት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ቪዛ የለም» ብትለኝም አልተዋጠልኝም። ከጎረቤታችን ከወግዲ ወረዳ እዚህ መካነ ሰላም ድረስ ቤት ለውጦ የመጣ ሰው እንኳ፣ የድሮ ቀበሌው «ከእኛ ዘንድ በሰላም ለቋል» ብሎ ማኅተም የመታበት መሸኛ ካልያዘ አይመዘገብም። ታዲያ አገር አቋርጦ የሚሄድ ሰው ያለ መሸኛ እንዴት ይሆናል? ፓስፖርቱን ለማውጣት ደሴ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ከዚያ መሸኛ ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ።

የዚያን ጊዜ ሊቀ መንበሩ ይማም ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል እያለ ጣና ሐይቅን ሐረርጌ ላይ ሥሎ አንቺን ያሳቀሽ ይማም። ወንበሩን ለቆልኝ ቆሞ አነጋገረኝ። «ጋሼ፣ ልጅ ጠይቆ ለሚመለስ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይበቃዋል። መሸኛ ለሚለቅ ነው» አለኝ። እኔ ግን ሦስት ወር ልቀመጥ ነው፤ ሦስት ወር የሚቀመጥ ሰው አድራሻ ለውጧል፤ አድራሻ የለወጠ ሰው መሸኛ ይወስዳል ብዬ በተራ በተራ አስረዳሁት። «መሸኛ ከሰጠሁዎት ከመዝገብ ይሰረዛሉ እኮ!» ቢለኝ፣ «አሠራሩ ከሆነ ይሰረዝ» አልኩት። አየሽ፣ አንቺ ብትኖሪ ነጠላዬን ጎትተሽ ታስወጪኝ ነበር። ይማም ራሱን እየነቀነቀ ጻፈልኝ። «ለኬንያ፣ ናይሮቢ፣ ለሚመለከተው ቀበሌ። አቶ ተሾመ የቀበሌያችን ነዋሪ የነበሩ ሲሆን በሰላም የለቀቁ መሆናቸውን እየገለጽን፣ በሄዱበት አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን» ይላል። የመጀመሪያው ማኅተም ስለደበዘዘብኝ ሁለተኛ አስመታሁት።

አቀስታ ላይ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ለሕፃኗ የሚሆን ወፍራም የበግ ፀጉር ባና ገዛሁ። አዎ፣ የሺ ወልዳ ነበር፤ ሴት ልጅ። የሚኒባሱ ረዳት ባናውን አይቶ «አባባ፣ ኬንያ ቆላ ነው፤ ልጅቷን ሊቀቅሏት ነው?» አለኝ። ናይሮቢ ደጋማ ከተማ መሆኗን ከነምክንያቱ ሳስረዳው ሹፌሩ ሳይቀር ሬድዮውን ዘግቶ አዳመጠኝ። ደሴ ስንደርስ ረዳቱ «የጂኦግራፊ ትምህርት በነፃ አግኝታችኋል፤ አሁን የትራንስፖርቱን ክፈሉ» እያለ ነበር ሰዉን ያወረደው።

ሞያሌ ስደርስ ቀዩን መስመር ፈለግሁ። የለም። ያገኘሁት ወደ ታች ወርዶ መልሶ የሚወጣ መንገድ፣ ሁለት ባንዲራ፣ ከዚህም ከዚያም ጀሪካን ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶች ነው። በእኛ በኩል ያለው ሠራተኛ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ከቦረና» ስለው በኦሮምኛ ይወርድብኝ ጀመር። የእኔ ቦረና ደቡብ ወሎ ውስጥ እንደሆነች ለማሳየት ወረቀት አውጥቼ ካርታ መሣል ስጀምር፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አጉረመረመና «ገባኝ አባቴ፣ ገባኝ፤ ይለፉ» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈው። በኬንያ በኩል ያለውም ፓስፖርቴን አይቶ የሦስት ወር መታልኝ። ሰዓቴን ይዤ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ተደምሮ አሥራ አንድ ደቂቃ።

ይህ ሁሉ ነገር አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ መሆኑ ቅር አለኝ። ስለዚህ መሸኛዬን አውጥቼ ለኬንያው ሰው ሰጠሁት። አማርኛ ትንሽ ትንሽ ይችላል። አገላብጦ አየና «ባባ፣ ኬንያ ቀበሌ የለም» አለኝ። «እንግዲያው ቅጂው እዚህ ይቀመጥ፤ የሚመለከተው ሲመጣ ያገኘዋል» አልኩት። ሳቀና ወረቀቱን አጥፎ ራሱ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ያየሁትን እንዳየሁት ነው የምጽፍልሽ።

የየሺ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል። ገና ስገባ፣ ሕፃኗን እንኳ ሳልስም፣ በሩን ነው ያየሁት። የሚቆለፈው ከውስጥ ነው። ቁልፉ ከራሷ አንገት ላይ ባለ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ካማው ሌላ ቁልፍ አለው፤ እንዲያውም የሱ ስለሚጠፋበት እሷን ደጅ ላይ ይጠብቃል። ሻይ ከጠጣሁ በኋላ «ፓስፖርትሽን አምጪ» አልኳት። የዓይኗን አስተያየት ብታዪ! ግን የማን ትእዛዝ እንደሆነ ገባት። ከሕፃኗ ልብሶች ሥር፣ ከራሷ መሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ። ፎቶውን፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን አየሁ። የራሷ ነው። «እማዬ ናት አይደል?» ብላ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ስትስቅ እንደ ልጅነቷ ያ የተደራረበው ጥርሷ ይታያል። እጇን አፏ ላይ አላደረገችም።

ሪፖርት ጎደሎ አይሆንምና ሌላውንም ልንገርሽ። የመጀመሪያው ዓመት ደህና አልነበረችም። አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ቋንቋው አልገባ ብሏት፣ በየፀጉር ቤቱ ወለል ስትጠርግ «ደህና ነኝ» ትለን ነበር። ጥርጣሬሽ ልክ ነበር። ነገር ግን የወደደችውን ሥራ ለማግኘት አንዱን ፀጉር ቤት ትታ ወደ ሌላው ስትሄድ የያዛት አልነበረም። ዛሬ ከአንዲት የመርሳ ልጅ ጋር የራሳቸውን ፀጉር ቤት ከፍተዋል። የኛን አገር ሹሩባ ሊሠሩ የሚመጡት የኬንያ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ያጣሉ። ካማው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የሕፃኗን ልብስ እሱ ነው የሚያጥበው፤ አስጥቶም በቀለም በቀለም ይደረድረዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሠራሩ ደስ ብሎኛል።

አንድ የተከራከርኩበት ጉዳይ ነበር። ሕፃኗ ባንቺ ስም እንድትጠራልኝ ጠየቅሁ። ካማው በአክብሮት ተነሥቶ የወገኖቹን ሥርዓት ነገረኝ፤ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በአባት እናት ስም፣ ሁለተኛዋ በእናት እናት ስም ነው የምትጠራው። ስለዚህ ይቺ ዋንጂሩ ናት። ተራሽ ሁለተኛ ነው ማለት ነው። ተራ ያለው ነገር ይከበራል ብዬ ተቀበልኩ። የሺ ግን ከጓዳ ሆና «አባዬ እኮ ተራ ካላችሁት የማይቀበለው ነገር የለም» ብላ አሳቀችብኝ።

የሕፃኗ አያት፣ ትልቋ ዋንጂሩ፣ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ማማ ነው የምንላት። እሷ በእንግሊዝኛ አሥር ቃል፣ እኔ በስዋሂሊ አምስት ቃል ይዘን ቀኑን ሙሉ እናወራ ነበር። አንድ ቀን «ነገ ካምፓላ ነኝ» አለችኝ። ዩጋንዳ ማለቷ ነው፤ ሌላ አገር! ፓስፖርቷን መቼ እንዳሳደሰች፣ ማን እንደፈቀደላት ብጠይቃት፣ ከጉያዋ ትንሽ ካርድ አውጥታ ሰጠችኝ። የዜግነት መታወቂያዋ ናት። ጎረቤት አገሮቹ ተስማምተው በዚያች ካርድ ብቻ ሰው ይመላለሳል። ማማ ማክሰኞ ሄዳ ዓርብ በጨርቅ ተጭና ተመለሰች፤ የካምፓላ ደንበኞቿም በወሩ እሷ ቤት መጥተው አደሩ።

ካርዷን ፊትና ጀርባዋን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ለልጆቼ ዜጋ ማለት በድንበር ውስጥ ያለ ሰው ነው እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ማማ ግን የኬንያ ዜጋ ናት፣ ካምፓላም ስትገባ ማንም ባዳ አይላትም። ካማውና ጓደኞቹ ደግሞ አንድ ቀን የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ፓስፖርት ይይዛል ብለው ይከራከራሉ፤ አንዱ ይሆናል ይላል፣ አንዱ ሥራችንን ይወስዱብናል ይላል። «ኢትዮጵያስ መቼ ነው የምትገባው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ የኛ ሰው ከቀበሌ ቀበሌ ሲዛወር ስለሚይዘው ወረቀት ልነግራቸው ጀምሬ አፈርኩና ተውኩት። ይልቅ የቦረናን ወግ ነገርኳቸው፤ እንግዳን «ከየት መጣህ?» የምንለው ከበላ በኋላ ነው። ማማ ይህን ስትሰማ በደስታ መዳፌን መታችኝ፤ የነሱም እንዲሁ ነው።

ጊዜዬ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ሦስቱም ተሰብስበው ያዙኝ። ካማው ማራዘም እንደሚቻል፣ ቢሮውንም እንደሚያውቅ ነገረኝ። ማማ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጠችበት፤ ክብደቷን ስለማታውቂ ነው እንጂ ቀላል ነገር አልነበረም። የሺ ግን ባናው ውስጥ ተጠቅልላ የተኛችውን ሕፃን እቅፌ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ዘነቡ፣ ያቺ ሰዓት ከሁሉም ከበደችኝ። ልጅቷ ጣቴን ይዛ ተኝታለች፤ እኔ ያንቺን ሁለት ቃል ይዣለሁ። የሺ ስትመለስ ፊቴን አይታ «ገባኝ፤ ሂድላት» አለችኝ። ማማም ከሻንጣው ላይ ተነሣች።

በሞያሌ ስመለስ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብኝ። አገሬ ገባሁ፤ አቀስታ ብርዱ ተቀበለኝ፤ ቤቴን ከፈትኩ። በማግሥቱ መመለሴን ላስመዘግብ ቀበሌ ብሄድ ይማም በግምገማ ተነሥቶ አዲስ ሊቀ መንበር ተቀምጧል። መዝገቡን ገለጠ። ስሜ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ ጎኑ ላይ «በመሸኛ የለቀቁ» ይላል። «እርስዎ የቀበሌው ነዋሪ አይደሉም» አለኝ። ቤቱ የኔ መሆኑን፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ማስተማሬን፣ ሚስቴ እዚህ መቀበሯን ነገርኩት። «እሱን አልካድኩም አባቴ። ግን ገቢ የሚመዘገበው ከነበረበት መሸኛ ሲያመጣ ነው። ከናይሮቢ ቀበሌ መሸኛ ያምጡ።»

እንዳትናደጂበት፤ የተናገረው እኔው ራሴ ለይማም የነገርኩትን ነው።

ሁለት አገር በሃያ ደቂቃ ያለፍኩ ሰው የገዛ ቀበሌዬ ደጅ ላይ ቀረሁ። መታወቂያዬ አይታደስም፤ ሰው ሲጠራ ስሜ የለም። መመለስ ማለት አውቶቡስ ላይ መውጣት ብቻ መስሎኝ ነበር። ከሁሉ ያስፈራኝ የቀብር እድራችን፣ ቅሬው ነው። ነዋሪ ካልሆንኩ ሞቼስ ካንቺ ጎን ማን ያሳርፈኛል ብዬ ወደ ሰብሳቢያችን ወደ ሼህ ሙሐባው ሄድኩ። ሰምተውኝ ሲጨርሱ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አብሽር መምህር! ቀበሌ ያለውን ይሰርዛል፤ ቅሬ ግን የሞተውንም አይሰርዝም። አንተ ብቻ አትቸኩል» አሉኝ። ልቤ ግማሹን ተመለሰ። ግማሹ ግን መዝገቡ ላይ ነበር። ባልተጻፈ ነገር ላይ እንደማልተኛ ታውቂያለሽ።

ለየሺ ደወልኩላት። መሳቋን እስክታቆም ካርዴ አለቀ። በኋላ ካማው ነገሩን ይዞ የሰፈራቸው ሹም ዘንድ ሄደ፤ እነሱ ቺፍ ይሉታል። ቺፉ እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፎ አያውቅም፤ ግን ማማ ቢሮው ገብታ ሳይጽፍ አልወጣም አለች። ደብዳቤው ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ አንድ ነጋዴ፣ ከዚያም በአውቶቡስ እጅ በእጅ እየተቀባበለ ሲደርሰኝ አንድ ወር ተኩል ሆኖታል። በእንግሊዝኛ ስለነበር ልተረጉመው ብል ሊቀ መንበሩ «ባለጉዳይ የራሱን አይተረጉምም» አለኝ። ልክ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው የእንግሊዝኛ መምህር ተረጎመው።

«ሽማግሌው ተሾመ ሦስት ወር ከእኛ ጋር ኖረዋል» ይላል። «ከማንም አልተጣሉም። የፎቁን ልጆች ሁሉ የተራሮችን ስም አስተምረዋል። የምንለቃቸው ወደን አይደለም፤ የሚጠብቃቸው ስላለ ነው። በሄዱበት በመልካም እንዲቀበሏቸው እንለምናለን።» ከሥሩ ክብ ማኅተም አለው፤ አልደበዘዘም። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እኛ መሸኛ ላይ እንዲህ ብለን ጽፈን አናውቅም» አለ። ከዚያ ቅጽ እንዲሰጡኝ አዘዘ።

ቅጹ ለአዲስ ነዋሪ የሚሞላው ነው። ከስሜ ጀምሬ በጥንቃቄ ሞላሁት። ስድስተኛው ላይ «ወደ ቀበሌው የመጡበት ምክንያት» ይላል፤ ሥራ፣ ትምህርት፣ ጋብቻ፣ ሌላ። ሥራም ትምህርትም ጨርሻለሁ። «ሌላ» የሚለውን መልስ ደግሞ ተማሪዎቼን ስከለክል ኖሬአለሁ። ስለዚህ «ጋብቻ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ናት። ስታየው ጮኸች። «ጋሼ! ከኬንያ ሚስት አምጥተው ነው?» ቢሮው ሁሉ ዞረ፤ አንዱ እልል አለ። «ካገባሁ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው» አልኳት። «ታዲያ እሳቸው የት አሉ?» አለችኝ። «ሚካኤል ግቢ፣ ከወይራው ሥር» አልኳት። ልጅቷ አንገቷን አቀረቀረች። ከዚያ ማኅተሙን ቀለሙ ላይ በደንብ አጥቅሳ መታችው።

አሁን በአዲስ ቁጥር የመካነ ሰላም ነዋሪ ነኝ ዘነቡ፤ የመጣሁትም ላንቺ እንደሆነ በመንግሥት መዝገብ ሰፍሯል። የዘለልኩት ነገር አይጠፋም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ በቃሌ አሟላልሻለሁ። በሙት ዓመትሽ ስምሽን አስጠርቼ ለጎረቤት ሁሉ ምሳ አቀርባለሁ፤ ጦይባና ሼህ ሙሐባው የራሳቸውን ድስት ይዘው ይመጣሉ። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ አንድም ቀን ሳላነሣሽ አልውልም።

ያንቺው ተሾመ